ኮንታክት ሌንስና ተማሪው

በ1889 ዓ.ም. (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በጀርመን አገር በኪል ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ተማሪ የነበረው አውጉስት ሙለር በራሱ ዓይን ላይ ያደረገውን ሙከራ ለዶክትሬት ማዕረግ ባቀረበው ጽሑፍ ገለጸ። ሩቁን አጥርቶ ለማየት የማይችል፣ ጉድለቱም 14 ዲዮፕተር ያህል የሆነ ሰው ነበርና ከመስታወት የተሠራ ሌንስ በዓይኑ ላይ አጠለቀ። ሌንሱ ጉድለቱን አረመለት፤ ነገር ግን ዓይኑን በኮኬይን አደንዝዞ እንኳ ሊታገሠው የቻለው ለግማሽ ሰዓት ያህል ብቻ ነበር። በርግጥ ቀዳሚነቱ የእርሱ አይደለም። በ1888 ዓ.ም. አዶልፍ ፊክ የተባለው ሐኪም በዙሪክ ተመሳሳዩን መስታወት በጥንቸል፣ ቀጥሎም በራሱና በሕመምተኞች ዓይን ላይ ሞክሮ ነበር። ሙለር በኋላ ዓይንን ትቶ ወደ አጥንት ሕክምና ዞረ።

የሥቃዩ ምክንያት ዛሬ ግልጽ ነው። ኮርኒያ የደም ሥር ስለሌለው ኦክሲጅን የሚያገኘው በአብዛኛው በእንባ አማካይነት ከአየር ነው፤ መስታወት ሲከደንበት ይታፈናል፣ ያብጣል። ሆኖም ያ ሥቃይ ዘበኛም ነበር ማለት ይቻላል፤ ሌንስ አጥልቆ ማደር የማይታሰብ ነበርና።

ዘበኛው የተነሣው በፕራግ ነው። የቼኮስሎቫኪያው ኬሚስት ኦቶ ቪክተርሌ በ1961 ዓ.ም. በገና ሰሞን ከልጆች የብረት መጫወቻ ባበጀው መሣሪያ ለስላሳውን ሌንስ በቤቱ ሠራ። ይህ ሌንስ ውሃ ይመጣል፤ ስለዚህም ለዓይን ይመቻል። በውሃው ውስጥ ያለው ተሐዋስም እንዲሁ ይመቸዋል። በ1980ዎቹ ዓመታት በአሜሪካ ብዙ ተጠቃሚዎች ወጪ ለመቀነስ የጨው እንክብል በተጣራ ውሃ እያሟሙ የሌንስ ማጠቢያ በቤታቸው ያዘጋጁ ነበር። ውሃው የተጣራ ይሁን እንጂ ከተሐዋስያን የጸዳ አልነበረም። አካንታሚባ የተባለው በውሃና በአፈር የሚኖር ፍጥረት በዚህ መንገድ ኮርኒያን እያቆሰለ አንዳንዶችን ለኮርኒያ ንቅለ ተከላ ዳረገ።

ሌላው ስሕተት ሌሊቱ ነበር። በ1981 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት ለስላሳ ሌንስ ሳይወልቅ እስከ 30 ቀን እንዲቆይ ፈቀደ። በ1989 ዓ.ም. የወጣ ጥናት ግን የኮርኒያ ቁስል በየዓመቱ ከ10,000 ተጠቃሚዎች መካከል ሌንሱን ቀን ብቻ በሚያጠልቁት 4.1፣ አጥልቀው በሚያድሩት 20.9 መሆኑን አሳየ። በዚያው ዓመት 30ው ቀን ወደ 7 ወረደ።

በልዩ ልዩ አገሮች በዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ላይ የተደረጉ ጥናቶች የሚዘረዝሩት ልማድ ከዚህ ታሪክ እምብዛም አይርቅም፤ ከነሌንስ መተኛት፣ ከነሌንስ ገላን መታጠብ፣ በመያዣው ውስጥ ባደረ ፈሳሽ ላይ አዲስ መጨመር። ደንቡን ጠንቅቀው የሚያውቁት የሕክምና ተማሪዎች እንኳ ከዚህ ነጻ አይደሉም። ለፈተና ሲያጠና አምሽቶ ሌንሱን ሳያወልቅ እንቅልፍ የወሰደው ተማሪ የሙለር ሥቃይ አይቀሰቅሰውም። ዓይኑ ቀልቶ፣ ብርሃን እየሸሸ ወደ ሐኪም ሲመጣ ቁስሉ አንዳንድ ጊዜ ከኮርኒያው መካከል ደርሶ ይገኛል።