ወተት በጉንጬ፦ የወሎ ስርጉድ ማሽላ ያለው ባዮሎጂ

በወሎ «ወተት በጉንጬ» የሚባል ማሽላ አለ። «ማርጩቄ» የሚባል ወንድምም አለው። ሁለቱም ገና እሸት ሳሉ እሳት ላይ ተጠብሰው ይበላሉ፤ ጣዕማቸውን ስማቸው ይናገራል። መልካቸው ግን አያምርም። ሲደርቁ ፍሬያቸው መሃሉ ስርጉድ ይላል፣ ይጨማደዳል። ከድቡልቡሉ ማሽላ ጎን ቢቀመጡ ዝናብ አጥሯቸው ሳይሞሉ የደረቁ ይመስላሉ። ታዲያ መግቢያ ባዮሎጂ የሚያስተምረው ነገር፣ ከሕዋስ እስከ ዘረመል፣ ከዘረመል እስከ ዝግመተ ለውጥ፣ ሁሉም ማለት ይቻላል እዚህ ስርጉድ ፍሬ ውስጥ አለ።

እኔ የተማርኩት ምህንድስና ነው። ባዮሎጂን ከሀ ብዬ የጀመርኩት ለድኅረ ምረቃ ጥናቴ ሲያስፈልገኝ ነው። የመማሪያ መጻሕፍቱ መንገድ ተመሳሳይ ነው፦ የሽንኩርት ሕዋስ በማይክሮስኮፕ፣ የሜንዴል አተር፣ የዳርዊን የጋላፓጎስ ወፎች። መንገዱ ጥሩ ነው። ግን አተሩን ከብርኖ፣ ወፉን ከጋላፓጎስ ከማምጣታችን በፊት ደጃችን ያለውን ማየት እንችላለን። እስቲ አብረን እንየው። (ዓመቶቹ፣ ካልተገለጸ በቀር፣ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

አንድ የማሽላ ፍሬ ብትሰነጥቁ በአንድ ጎኑ ትንሽ ጽንስ ታያላችሁ፤ የሚበቅለው እሱ ነው። የቀረው ትልቁ ክፍል ኢንዶስፐርም ይባላል። ለጽንሱ የተቋጠረ ስንቅ ነው፤ እኛ ፈጭተን እንጀራ የምናደርገው ያንን ስንቅ ነው። የኢንዶስፐርም ሕዋሳት በስታርች የታጨቁ ናቸው፤ በስታርቹ መሃል ደግሞ ክብ ክብ የፕሮቲን ቋጠሮዎች አሉ። በነዚህ ውስጥ የሚከማቸው ዋናው ፕሮቲን ካፊሪን ነው። ካፊሪን ውስጥ ላይሲን የሚባለው አሚኖ አሲድ የለም በሚባል ደረጃ ትንሽ ነው። ሰውነታችን ደግሞ ላይሲንን ራሱ መሥራት አይችልም፤ ከምግብ ማግኘት አለበት። አዋቂ ሰው ጉድለቱን በሽሮው፣ በምስሩ፣ በባቄላው ይሞላዋል፤ ጥራጥሬ ላይሲን አለው። (እንጀራ በሽሮ ጥሩ ኬሚስትሪ ነው ብል ማጋነን አይሆንም።) ጡት ጥሎ የማሽላ ገንፎ ብቻ የሚበላ ሕፃን ግን ሆዱ ሞልቶ እድገቱ ሊጓተት ይችላል።

አሁን ወደ ታሪኩ። በ1964 በአሜሪካ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ኤድዊን ሜርትዝና ባልደረቦቹ «ኦፔክ-2» የሚባለው የበቆሎ ጂን ላይሲንን በብዙ እንደሚጨምር አሳዩ። በቆሎ ካለው፣ ማሽላስ? እዚያው ፐርዱ ራምሽዋር ሲንግና ጆን አክስቴል ከመላው ዓለም የተሰበሰቡ 9000 የሚጠጉ የማሽላ ዘሮችን ማበጠር ጀመሩ። በመጀመሪያ የፈለጉት በዓይን የሚለየውን ነው፦ ውስጡ ዱቄታም ሆኖ ብርሃን የማያሳልፈውን ፍሬ። ከዚያ የተለየውን በኬሚስትሪ መረመሩት። በመጨረሻ ሁለት ዘሮች ወጡ፣ ቁጥራቸው አይ ኤስ 11167 እና አይ ኤስ 11758። ሁለቱም የኢትዮጵያ ናቸው። በተራ ማሽላ ከ100 ግራም ፕሮቲን ውስጥ ላይሲኑ 2 ግራም አካባቢ ነው፤ በነዚህ ከ3 ግራም በላይ ሆነ። ውጤቱ በ1973 ታተመ።

ለመሆኑ 1973 በወሎ ምን ዓመት ነበር? 1965 ማለቂያና 1966 ዓ.ም.፣ ያ የረሃብ ዘመን። ጆናታን ዲምብልቢ የወሎን ረሃብ ቀርጾ ለዓለም ያሳየው በዚያው ዓመት ነው። ይህ ጂን ረሃቡን ያስቀረው ነበር ማለቴ አይደለም። ሰው ያለቀው ላይሲን አጥሮት ሳይሆን እህሉ ራሱ ጠፍቶ፣ ችግሩም ተደብቆ ነው። ብቻ ሁለቱን ነገሮች ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው አንድ ነገር ይከነክነኛል። የአንድ አካባቢ እህል በቤተ ሙከራ «ውድ ሀብት» ተብሎ የተጻፈበትና ሰዎቹ ያለቁበት ዓመት አንድ ነው።

የኢትዮጵያ ማሽላ ማሻሻያ ፕሮጀክትን ይመራ የነበረው ብርሃነ ገብረኪዳን በ1970ዎቹ ከባልደረባው ጋር ወደ ገበሬው ማሳ ተመልሶ ጉዳዩን አጠና። አይ ኤስ ምናምን የተባሉት ዘሮች እዚያ ስም አላቸው፦ ወተት በጉንጬ፣ ማርጩቄ። ገበሬው ብቻቸውን ሳይሆን ከሌላው ማሽላ ጋር ደባልቆ ይዘራቸዋል፤ እሸት ሲሆኑ ለይቶ ይጠብሳቸዋል። ምርታቸው ከሌላው ያንሳል፤ ግን ትቷቸው አያውቅም።

የዘረመሉ ትምህርት እዚህ ጋ ይጀምራል። ስርጉዱን ፍሬ የሚያመጣው አንድ ጂን ነው፤ ሪሴሲቭ ነው፣ ማለትም ድብቅ። ከጤነኛው ቅጂ ጋር ከተገናኘ ይሸፈናል። ሜንዴል ያስተማረን ተጨማዳጅ አተርም እንዲሁ ነው። በ1866 ባሳተመው ጽሑፍ ላይ ክቡን አተር ከተጨማደደው አዳቅሎ፣ በሁለተኛው ትውልድ 5474 ክብና 1850 ተጨማዳጅ ቆጥሯል፤ ለ3 አንድ ማለት ነው። የተጨማደደው አተርም ጣፋጭ ነው፤ አጋጣሚው ደስ ይላል።

አንድ ልዩነት ግን ልብ በሉ፤ በጣም የምወደው ክፍል ነው። ኢንዶስፐርም የሚፈጠረው ከእናቲቱ ሁለት፣ ከአባትየው ብናኝ ደግሞ አንድ የክሮሞሶም ድርሻ ተቀብሎ ነው። ማሽላ በአብዛኛው ራሱን በራሱ ያዳቅላል፤ ስለዚህ ወተት በጉንጬ ለብቻው ቢሆን ልጆቹ ሁሉ ስርጉድ ይሆናሉ። አልፎ አልፎ ግን ነፋስ ከጎረቤት ማሽላ ብናኝ ያመጣል። ያን ጊዜ በስርጉዱ ዛላ መሃል አንድ ድቡልቡል ፍሬ ጉብ ይላል። ዲቃላ ነው! የተደበቀውን ጂን የጎረቤቱ ቅጂ ሸፍኖታል። እንግዲህ ገበሬዋ ለዘር ስትመርጥ ስርጉዱን ብቻ ለቅማ ድቡልቡሉን ለወፍጮ ብትተወው፣ ሳታውቀው ንጹሑን ዘር በዓይኗ አንብባለች ማለት ነው። እኔ የተማርኩበት ቤት ይህን «የጥራት ቁጥጥር» ይለዋል፤ መሣሪያው ዓይን ነው፣ ወጪው ዜሮ።

«ገበሬው እንዲሁ ይሞክራል እንጂ መች ያውቃል» የሚል ካለ ወደ ሐይቅ እንሂድ። ከደሴ ወደ ወልድያ ስትወጡ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ያለችው ከተማ ናት፤ ከሷ አለፍ ሲል አምባሰል ይመጣል። በ1990ዎቹ አወገቸው ተሾመ የተባለ ተመራማሪ በሰሜን ሸዋና በደቡብ ወሎ የገበሬዎችን ማሽላ አጠና፤ ካጠናቸው አካባቢዎች አንዱ ሐይቅ ነበር። ገበሬዎቹ የሚሰጡት ስም ከተክሉ ቅርጽና ጠባይ ጋር ይጣጣማል ወይ? ይጣጣማል። ከዚያ የባሰውን ጠየቀ፦ የትኛው ማሽላ ጎተራ ውስጥ ነቀዝ ይችላል? ገበሬዎቹ ያሉትን ይዞ ቤተ ሙከራ ገባ፤ ነቀዙን በፍሬው ላይ ለቀቀው። የነቀዙ ፍርድና የገበሬው ፍርድ ገጠሙ። ሌላም ነገር አገኘ፦ ዘር ሲመርጥ ብዙ መስፈርት የሚጠቀም ገበሬ ማሳው ላይ ብዙ ዓይነት ማሽላ አለ። አንዱን ለእንጀራ፣ አንዱን ለጠላ፣ አንዱን ለአገዳው፣ አንዱን ለእሸቱ የሚፈልግ ሰው አንድ ዓይነት ብቻ ይዞ መኖር አይችልም።

ይህ ወደ ዝግመተ ለውጥ ይወስደናል። ወተት በጉንጬን ለተፈጥሯዊ ምርጫ ብቻ ብንተወው ምን ይሆናል? ፍሬው ለስላሳ ስለሆነ ነቀዝ ይወደዋል፤ ስንቁ ስለሚያንስ ክብደቱ ይቀንሳል። በውድድር ይሸነፋል፤ ጂኑ ከማሳው ይመናመናል። ያቆየው የሰው ምላስ ነው። ዳርዊን የ1859 መጽሐፉን የከፈተው በጋላፓጎስ ወፎች ሳይሆን ሰዎች በሚያረቧቸው ርግቦችና ሰብሎች ለምን እንደሆነ የገባኝ ይህን ሳነብ ነው። ሰው ሲመርጥ ማየት ቀላል ነው፤ ከዚያ ተፈጥሮ ስትመርጥ ማሰብ ይቻላል። ማሽላ ራሱ ከ5000 ዓመት ገደማ በፊት በምሥራቅ ሱዳን ከዱር ወደ ቤት የመጣው እንዲሁ ነው፤ የዱሩ ሲበስል ይረግፋል፣ ሰው ግን ያልረገፈውን አጭዶ መልሶ ዘራ።

የጊዜውን ርዝመት ለመገመት ከተማዋ ስሟን ያገኘችበት ውኃ ይረዳናል። የአበባ ብናኝ ሕዋስ ግድግዳው እጅግ ጠንካራ ስለሆነ ጭቃ ውስጥ ለሺህ ዓመታት አይበሰብስም። ኢያን ዳርቢሻየር፣ ሄንሪ ላምብና መሐመድ ዑመር ከሐይቅና ከጎረቤቱ ከሐርዲቦ ሐይቅ ወለል ጭቃ አውጥተው ብናኙን ቆጠሩ፤ በ2003 አሳተሙት። የዝግባና የጥድ ደኑ የዛሬ 2500 ዓመት ገደማ ተመንጥሮ ቁጥቋጦና ሣር ተተካ። ከ1400 እስከ 1700 ባለው ጊዜ ደኑ አገገመ፤ ከዚያ እንደገና ተመነጠረ። ሰው እዚህ ምድር ላይ እጁን ያሳረፈው ትናንት አይደለም። በዓመት አንዴ ለሚዘራ ሰብል ደግሞ 1000 ዓመት ማለት 1000 ትውልድ ነው፤ ለሰው ያን ያህል ትውልድ 25,000 ዓመት ይፈጃል።

ያን ሁሉ ትውልድ የተሻገረ ነገር ግን በአንድ ክረምት ሊጠፋ ይችላል። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ሰው የዘሩን እህል በላ፤ ምን ያድርግ? ያኔ የዕፅዋት ዘረመል ማዕከልን የሚመራው መላኩ ወረደ ነበር። እሱና ባልደረቦቹ የገበሬውን ዘር ሰብስበው በማቀዝቀዣ አኖሩ፤ ቆይቶም በሰሜን ሸዋና በወሎ ገበሬው ማሳው ላይ እያባዛ እንዲይዘው አደረጉ። ለዚህ ሥራው በ1989 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀብሏል። ሁለተኛው ክፍል ከመጀመሪያው ይበልጣል ባይ ነኝ። ማቀዝቀዣ ጂኑን ያቆያል፤ ግን እዚያ ውስጥ ነቀዝ የለም፣ ድርቅ የለም፣ የሚቀምስም የለም። ዝግመተ ለውጥ ቆሟል።

በሌላ በኩል ቤተ ሙከራው አላረፈም። ፐርዱዎች በ1975 በኬሚካል አዲስ ላይሲናም ማሽላ ፈጠሩ፤ በ2018 ደግሞ በአሜሪካ ተመራማሪዎች ክሪስፐር በሚባለው መቀስ የካፊሪን ጂኖችን ቆርጠው ላይሲኑን ከፍ አደረጉ። ፍሬውን ጠንካራ አድርጎ ላይሲኑንም ማቆየት ነው ጭንቁ፤ እንደ መሐንዲስ ችግሩ ደስ ይለኛል።

ኅዳር ላይ በዚያ በኩል ካለፋችሁና አጨዳ ከደረሰ፣ ድቡልቡልና ስርጉድ ፍሬ የተቀላቀለበት ዛላ ፈልጉ። ባለቤቱን አስፈቅዳችሁ ቁጠሩት። ስርጉዱ ሩብ ያህል ከሆነ፣ እናቱ ባለፈው ዓመት በነፋስ የተዳቀለች አንዲት ድቡልቡል ፍሬ ነበረች።