ጥሬ ዲስክና የኃላፊነት ድንበር፦ ለኮንቴይነር በተሠሩ ሰርቨሮች ላይ

ለኮንቴይነር ብቻ የተሠሩ ስርዓተ ክወናዎች ዓላማቸው በሰርቨሩ ላይ የሰው እጅ የሚነካውን ነገር ማሳነስ ነው። ኮንቴይነሮችን የሚያስተባብረውን ኩበርኔቲስን ለማስኬድ የተዘጋጀው ታሎስ ሊኑክስ በዚህ ረገድ ሩቅ ሄዷል፤ ሼል የለውም፣ በኤስኤስኤች አይገባበትም፤ አስተዳዳሪው የሚፈልገውን በሰነድ ጽፎ በኤፒአይ ይልካል። ይሁንና ዲስክ ፋይል ሲስተም ሳይዘረጋበት፣ ጥሬውን የሚፈለግበት ጊዜ አለ። በዚህ ጊዜ የስርዓተ ክወናው ድርሻ ቦታውን መምረጥ፣ መከለልና መሰየም ብቻ ሊሆን ይገባል፤ ይዘቱ የማከማቻ ፕሮግራሙ ኃላፊነት ነው።

ለዚህ ማስረጃው የቆየ ነው። የዳታቤዝ ተመራማሪው ማይክል ስቶንብሬከር እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው ጽሑፍ የስርዓተ ክወና አገልግሎቶች ለዳታቤዝ ብዙ ጊዜ እንደማይመቹ አሳይቷል። ሴፍ የተባለው የተከፋፈለ ማከማቻም የቀድሞው ስልቱ መረጃን በፋይል ሲስተም ላይ ያኖር ስለነበር፣ ጽሕፈቱ ከመሃል ቢቋረጥ መረጃው እንዳይበላሽ እያንዳንዱን ለውጥ መጀመሪያ በመዝገብ፣ ቀጥሎም በፋይሉ ላይ፣ ማለትም ሁለት ጊዜ ይጽፍ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2017 የሴፍ መደበኛ ስልት የሆነው ብሉስቶር ግን ዲስኩን በቀጥታ ይይዛል፤ የመረጃውን ትክክለኛነት የሚያረጋግጥበትን ድምርም ራሱ ያሰላል። ኩበርኔቲስ በበኩሉ ለጥሬ ቮልዩም፣ ማለትም ፋይል ሲስተም ላልተዘረጋበት የማከማቻ ክፍል፣ እ.ኤ.አ. በ2020፣ በ1.18 ስሪቱ፣ ሙሉ ድጋፍ ሰጥቷል። ፋይል ሲስተም ለሁሉም ሥራ የግድ አለመሆኑን እነዚህ ይመሰክራሉ።

ስርዓተ ክወናው ግን ከነጭራሹ ገለል ይበል ማለት አይደለም። የሊኑክስ ከርነል ለዲስኮች ኤስዲኤ፣ ኤስዲቢ እያለ የሚሰጠው ስም በተገኙበት ቅደም ተከተል ስለሚወሰን፣ ሰርቨሩ ዳግም ሲነሣ ሊቀያየር ይችላል። ዛሬ የባዶ ዲስክ የነበረውን ስም ነገ መረጃ የያዘ ዲስክ ሊወርሰው ይችላልና በስም ላይ የተመሠረተ ትእዛዝ አደገኛ ነው። ታሎስ ከ1.11 ስሪት ጀምሮ ያቀረበው ጥሬ ቮልዩም ዲስኩን በባሕርዩ ያስመርጣል፤ በመለያ ቁጥሩ፣ በመጠኑ፣ በግንኙነቱ ዓይነት። የተከለለው ፓርቲሽንም ቋሚ ስም ያገኛል፤ ፕሮግራሙ የሚፈልገው በዚያ ስም ነው። እንዲህ ሲሆን አንዱ ዲስክ ለስርዓቱና ለማከማቻው ያለ ግጭት ሊከፈል ይችላል።

ተቃውሞ መነሣቱ አይቀርም። የመጀመሪያው፣ ዲስክ ሲበላሽ ሼል የሌለው ሰርቨር የባለሙያውን እጅ ያስራል የሚል ነው። ክርክሩ ክብደት አለው፤ ነገር ግን በጭንቅ ሰዓት በሼል የሚሰጥ ትእዛዝ ራሱ መረጃ ሊያጠፋ ይችላል፤ ምን እንደተደረገም በሰነድ አይቀርም። ልዩ መሣሪያ ካስፈለገ ከፍተኛ ፈቃድ በተሰጠው ኮንቴይነር ማስኬድ ይቻላል። ሁለተኛው፣ ጥሬ ዲስክ ለአነስተኛ ሥራ ከባድ ነው የሚል ነው፤ ይህ እውነት ነው። ተራ ፋይል ለሚጽፍ ፕሮግራም ፋይል ሲስተም ያለው ቮልዩም ይበቃዋል። ሦስተኛውና ከሁሉ የሚከብደው ግን፣ በሰነድ የሚመራ ስርዓት በአንድ የሰነድ ስሕተት መረጃ ይደመስሳል የሚለው ስጋት ነው። ስለዚህም መከለልና መደምሰስ አንድ ትእዛዝ መሆን የለባቸውም፦ ሰነዱ ሲወገድ መረጃው ባለበት ይቆይ፤ መደምሰስ ለብቻው፣ ታውቆና ተጠይቆ ይፈጸም። ድንበሩ እንዲህ ከተጠበቀ፣ ከሰርቨሩ የሰውን እጅ ማራቅ መረጃን ለአደጋ ማጋለጥ አይሆንም።