ሞተሩና ዓለሙ፦ የጨዋታ ሰርቨሮች ምንጭ ኮድ አጭር ታሪክ

የኮምፒውተር ጨዋታ የታሪክ ጥናት ርእስ መሆኑ አንዳንዶቻችሁን ሳያስገርም አይቀርም። ይሁን እንጂ «በነጻ የተሰጠ የአእምሮ ሥራ የማን ነው?» የሚለው ጥያቄ በግልጽ ከተፈተነባቸው መስኮች አንዱ ይኸው ነውና ጥቂት ታገሡኝ። ዓመታቱን ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር እጠቅሳለሁ።

በ1978 በእንግሊዝ አገር በኤሴክስ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ሮይ ትራብሾ ብዙ ሰዎች በአንድ ጊዜ የሚገቡበት፣ በጽሑፍ ብቻ የሚመራ የምናብ ዓለም መሥራት ጀመረ፤ ባልደረባው ሪቻርድ ባርትልም አስፋፋው። ስሙ በምሕጻር «መድ» ተባለ። ተጫዋቹ ወደ ሰሜን መሄድ እንደሚሻ ይጽፋል፤ ሰርቨሩም የደረሰበትን ስፍራ በቃላት ይሥልለታል። በ1987 በዌልስ አበሪስትዊዝ አለን ኮክስ የራሱን «አበርመድ» ጻፈ፤ ይህም ወደ ሲ ቋንቋ ከተዛወረ በኋላ በዩኒክስ ማሽኖች አማካይነት ከዩኒቨርሲቲ ወደ ዩኒቨርሲቲ ተዛመተ።

እስከዚህ ድረስ ግን አዲስ ጠባይ ያለው ፍጡር ወይም ዕቃ ለመጨመር ብዙውን ጊዜ ፕሮግራሙን ራሱን ማረምና ሰርቨሩን እንደገና ማስነሣት ግድ ነበር። ይህን ቋጠሮ በ1989 የፈታው የስዊድኑ ላርስ ፔንሾ ነው። ፔንሾ ጥሩ የጀብዱ ታሪክ መድረስ እንደሚችል በራሱ አይተማመንም ነበር፤ ስለዚህ ሥራውን ለሁለት ከፈለው። «ድራይቨር» የተባለው ክፍል ሞተሩ ሲሆን፣ ዓለሙና ሕጎቹ ኤል ፒ ሲ በተባለ የራሱ ቋንቋ ለብቻ ይጻፋሉ። ጨዋታውን እስከ መጨረሻው የተወጣ ተጫዋች «ጠንቋይ» የሚል ማዕረግና ኮድ የመጻፍ መብት ያገኝ ነበር፤ ሌሎች እየተጫወቱ ሳሉም አዲስ ክፍል ይገነባል። ዛሬ «ፍሬምወርክ» የምንለው አስተሳሰብ በዚህ መስክ የተወለደው በዚህ ውሳኔ ነው ባይ ነኝ።

በ1991 የተለቀቀው «ዲኩመድ» በተቃራኒው መንገድ ሄደ። በኮፐንሃገን ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ሳይንስ ክፍል የነበሩ አምስት ወጣቶች የሠሩት ይህ ሰርቨር እንደ ኤል ፒ መድ ልቅ አልነበረም፤ ሕጎቹ በሲ ኮዱ ውስጥ የታሰሩ ናቸው። ነገር ግን ከተማውም፣ ጭራቆቹም፣ ውጊያውም ተሰናድተው ይመጣሉ። ፕሮግራም የማያውቅ ሰው እንኳ የጽሑፍ ፋይሎችን እየሞላ ክፍሎችን ማከል ይችል ነበር። በመላው ዓለም ስፍር ቁጥር የሌላቸው ጨዋታዎች በአንዲት ሚድጋርድ በተባለች ከተማ ቤተ መቅደስ የጀመሩት በዚህ ምክንያት ነው።

ፈቃዱ ሁለት ነገሮችን አጥብቆ ያዝዝ ነበር፤ ማንም ትርፍ እንዳያገኝበትና የሠሪዎቹ ስም በመግቢያው ላይ እንዲታይ። ሁለተኛው ግዴታ የብራና መጻሕፍቶቻችንን ያስታውሰኛል፤ በእነርሱም መጨረሻ የጻፈውንና ያጻፈውን በጸሎት አስቡ የሚል ልመና እናገኛለን። ልዩነቱ የብራናው ልመና መሆኑ፣ የዲኩው ግን ውል መሆኑ ነው። ውሉም ሳይጣስ አልቀረም፤ ስማቸውን ፍቀው ገንዘብ የሰበሰቡ አዘጋጆች ነበሩ፤ አምስቱ ግን የመክሰሻ አቅም አልነበራቸውም። በ1999 የወጣው «ኤቨርኩዌስት» የተባለው የንግድ ጨዋታ አካሄዱ ከዲኩ ጋር እጅግ ስለ ተመሳሰለ የኮድ ስርቆት ተጠረጠረ። በ2000 አዘጋጆቹ የዲኩን ኮድ እንዳልተጠቀሙ በመሐላ አረጋገጡ። ሐሳብን መውሰድ በፈቃዱ አልተከለከለም ነበር፤ ሚሊዮኖች ያተረፈው ግን ሐሳቡ ነው።

«ኦፕን ሶርስ» የሚለው ቃል በ1998 ትርጓሜ ሲሰጠው የንግድ አገልግሎትን መከልከል አይፈቀድም ተባለ። እናም ኮዱ ለሠላሳ ዓመታት ያህል ለማንም ይታይ የነበረው ዲኩመድ በትርጓሜው «ክፍት» ሊባል አልቻለም። በፓይተን ቋንቋ ከ2006 ጀምሮ የተገነባው «ኤቬኒያ» የፔንሾን ክፍፍል ይዞ፣ ንግድንም የሚፈቅድ ፈቃድ መረጠ። የዲኩ ሠሪዎችም በ2020 ሥራቸውን ኤል ጂ ፒ ኤል በተባለው ነጻ ፈቃድ እንደገና ለቀቁት፤ የትርፍ ክልከላውም በዚያው ተነሣ።