በምዕራብ ሐረርጌ ከተሞች ወጣቶችን ከወንጀል የመጠበቅ ሥራና የመንግሥት ድጎማ

በጭሮ (አሰበ ተፈሪ) እና በምዕራብ ሐረርጌ ዞን ሌሎች ከተሞች ወጣቶችን ከወንጀል የመጠበቅ ሥራ በዋናነት በፖሊስ፣ በቀበሌ አስተዳደርና በነዋሪው መዋጮ የሚከናወን ነው። ገንዘቡ ከአንድ ቋት አይመጣም። ፖሊስ የሚተዳደርበት ድጎማ በአንድ በር፣ ለወጣቱ የሚመደበው ገንዘብ በሌላ በር፣ የውጭ እርዳታ ደግሞ በሦስተኛ በር ይገባሉ፤ ሦስቱ የሚገናኙበት ቦታ ጥቂት ነው።

ጭሮ የዞኑ ዋና ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ በስተምሥራቅ 326 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በጨርጨር ተራሮች ላይ የምትገኝ ሲሆን፣ በሚኤሶ በኩል ወደ ሐረርና ድሬዳዋ የሚወጣው አውራ ጎዳና ያልፍባታል። ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም፣ ከእርሳቸውም በኋላ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ጨርጨርን ለሌሎች ናሙና በሚሆን ግዛትነት ሲያስተዳድሩ መቀመጫው እዚሁ ነበር። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ የዞኑ ሕዝብ 1.87 ሚሊዮን ገደማ ነበር። ሂርና፣ ገለምሶ፣ በዴሳ፣ መቻራና ሚኤሶ ከዞኑ ከተሞች መካከል ናቸው።

በነዚህ ከተሞች የብዙ ወጣት እንጀራ ከመንገዱና ከጫቱ ጋር የተያያዘ ነው። ጫት ከተቀነጠበ በኋላ ሳይጠወልግ ገበያ መድረስ ስላለበት ማሰሩ፣ መጫኑና ማጓጓዙ የችኮላ ሥራ ነው። አይሱዙው እስኪሞላ የሚሸከም፣ የሚያስር፣ የሚቆጥር፣ መናኸሪያ ላይ ተራ የሚያስከብር ጎረምሳ የቀን ገቢ ያገኛል፤ ገበያው ሲቀዘቅዝ ግን ያው ልጅ ሥራ ፈትቶ መንገድ ዳር ይቆማል። ወደ ጅቡቲና ወደ ዓረብ አገር የሚያሻግሩ ደላሎችም እንዲህ ያለውን ወጣት ያጠምዳሉ። አዲስ አበባ ውስጥ ፖሊስ ወጣቶችን ከወንጀል ለመከላከል ብሎ ከሚያካሂዳቸው ዘመቻዎች አንዱ የጫትና የሺሻ ቤት አሰሳ ነው። ያንን ዘዴ እንዳለ ወደ ጭሮ ማምጣት አይቻልም፤ የአባትየውን ቀለብ፣ የልጁን የደብተር መግዣና የመንግሥትን ቀረጥ የሚያስገኘው ይኸው ጫት ነውና።

ፖሊስ የሚተዳደርበት ገንዘብ

በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 52 ክልሎች የራሳቸውን የፖሊስ ኃይል አደራጅተው እንዲመሩ ሥልጣን ይሰጣል። የፌዴራል መንግሥት ለክልሎች የሚሰጠው ድጎማ የሚከፋፈለው የፌዴሬሽን ምክር ቤት በሚወስነው ቀመር ነው። ክልሉም የድርሻውን ለወረዳዎችና ለከተሞች በጥቅል ያከፋፍላል። ይህ የወረዳ ጥቅል ድጎማ በ1990ዎቹ አጋማሽ በኦሮሚያ፣ በአማራ፣ በትግራይና በደቡብ ክልሎች ተጀመረ። ድጎማው ጥቅል በመሆኑ ወረዳው ከፈለገ ለመምህር፣ ከፈለገ ለፖሊስ ሊመድበው ይችላል። ነፃነቱ ግን የወረቀት ነው፤ ከደመወዝ የሚተርፈው ጥቂት በመሆኑ ለነዳጅ፣ ለውሎ አበልና ለጽሕፈት መሣሪያ እንኳ መሻማት አለ። በሂሳብ አመዳደቡ ፍትሕና ደኅንነት ከአስተዳደርና ጠቅላላ አገልግሎት ዘርፍ ይመደባሉ። ይህም ፖሊስን «ድህነት ቀናሽ» ከሚባሉት ዘርፎች ውጭ አድርጎታል።

የዚህ ውጤት በ1998 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረታዊ አገልግሎቶች ፕሮግራም ላይ ታይቷል። ከምርጫ 97 ውዝግብ በኋላ ለጋሾች ቀጥታ የበጀት ድጋፋቸውን አቁመው በምትኩ ወረዳዎች ለትምህርት፣ ለጤና፣ ለግብርና፣ ለውኃና ለመንገድ የሚያወጡትን ደጎሙ። ፖሊስ በዝርዝሩ ውስጥ አልነበረም። ለጋሾቹ በዚያ ሰሞን የኢትዮጵያን ፖሊስ በስም ጠርተው ሊደግፉ የሚችሉበት ሁኔታ እንዳልነበረ ግልጽ ነው። ይሁንና ትምህርት ያቋረጠውን ልጅ መንገድ ላይ የሚያገኘው የቀበሌው ፖሊስ የዚህ ገንዘብ ተካፋይ ሳይሆን ቀርቷል።

በአገሪቱ የማኅበረሰብ አቀፍ ፖሊስ አሠራር በተስፋፋበት ጊዜም ያው የገንዘብ ጥያቄ ተነሣ። አሠራሩ በየቀበሌው የሚመደብ ፖሊስ፣ የነዋሪዎች ምክር ቤትና የሽማግሌዎች ዕርቅ አለው፤ በከተማ የሌሊት ሮንድ ይጨመርበታል። የሮንድ ጠባቂዎችን የሚከፍለው ብዙውን ጊዜ መንደሩ ራሱ ነው። በኦሮሚያ አሠራሩን ሰው በጥርጣሬ የሚያይበት ምክንያት አለ፤ ነዋሪውን በ«ጎጥ»ና በ«ጋሬ» የከፋፈለው የቀደመ መዋቅር ለፖለቲካ ክትትል ውሏል ተብሎ በሰብዓዊ መብት ተሟጋቾች ተወቅሷል። ልጁ ከማን ጋር እንደዋለ የሚጠይቅ ሰው የሚጠይቀው ለልጁ ብሎ ይሁን ለሌላ፣ ቤተሰብ ለማወቅ ይቸገራል።

ለወጣቱ የሚመደበው ገንዘብ

ከፍተኛው ገንዘብ የመጣው ከ2008 ዓ.ም. ተቃውሞዎች በኋላ ነው። መስከረም 30 ቀን 2009 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ሙላቱ ተሾመ ምክር ቤቶቹን ሲከፍቱ የ10 ቢሊዮን ብር የወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድ እንደሚቋቋም አስታወቁ፤ በዚያው ዓመት በአዋጅ ቁጥር 995/2009 ተቋቋመ። በኦሮሚያ ብድሩ በክልሉ የብድርና ቁጠባ ተቋም (ኋላ ሲንቄ ባንክ) በኩል ተሰጠ። ስሙ ፈንድ ይሁን እንጂ ድጎማ አልነበረም፤ ተደራጅተው ለሚመጡ ከ18 እስከ 34 ዓመት ላሉ ወጣቶች የሚሰጥ፣ ከወለድ ጋር የሚመለስ ብድር ነበር። መናኸሪያ የሚውለው የ15 ዓመት ልጅ በዕድሜው ብቻ ከዚህ ውጭ ነበር።

በ2009 ዓ.ም. የተጀመረው የከተሞች የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራምም ለመጀመሪያ ዙር የመረጣቸው 11 ከተሞችን ነበር። ድሬዳዋና ሐረር ሲካተቱ፣ ከኦሮሚያ የተመረጠችው አዳማ ስለነበረች፣ በመካከል ያለችው ጭሮ አልገባችም።

የውጭ እርዳታና የሕግ አጥር

በኢትዮጵያ ለልጆችና ለወጣቶች ተብሎ ለፖሊስ እርዳታ የተሰጠበት የታወቀው ምሳሌ የአዲስ አበባ ነው። በ1980ዎቹ መጨረሻ የጎዳና ልጆች መድረክ የተባለው አገር በቀል ድርጅት፣ በስዊድን የሕፃናት አድን ድርጅት ድጋፍ፣ በፖሊስ ጣቢያዎች ውስጥ የሕፃናት ጥበቃ ክፍሎች አስከፈተ። ሥራው በኋላ ወደ ድሬዳዋና ሌሎች ከተሞች ተሻገረ። ጥፋት የፈጸመ ልጅ ከአዋቂ ጋር ሳይታሰር ቤተሰቡ ዘንድ ሆኖ ክትትል የሚደረግበት አሠራርም ተሞከረ። ልጁ ትምህርት ቤት መግባቱን፣ ቤት ማደሩን የሚከታተል ባለሙያ ከማቆያ ክፍል ይልቅ ርካሽ ነው፤ ነገር ግን ደመወዙን የሚከፍል ያስፈልጋል።

የ2001 ዓ.ም. የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ (ቁጥር 621) ግን ከገቢያቸው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኙ ድርጅቶች በልጆች መብት፣ በዕርቅ፣ በፍትሕና በሕግ አስከባሪ አካላት ቅልጥፍና ላይ እንዳይሠሩ ከለከለ። በአንድ አንቀጽ የተዘጋው ወጣቱንና ፖሊስን ያገናኘው ድልድይ ራሱ ነው። ብዙዎች ሥራቸውን «ልማት» ብለው ሰየሙ፣ አንዳንዶች ተዉት። የብሪታንያ መንግሥት የጀመረው የማኅበረሰብ ጸጥታና ፍትሕ ፕሮግራምም በ2007 ዓ.ም. ተቋረጠ። አጥሩን ያነሣው አዋጅ ቁጥር 1113 የወጣው በ2011 ዓ.ም. ነው።

ሕጉ በልጆች ጉዳይ ላይ ከገንዘቡ ቀድሞ ሄዷል። የ1954 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 172 ወጣት ጥፋተኛ ወዲያውኑ በአቅራቢያው ወዳለ የወረዳ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ያዛል። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግም ከ9 ዓመት በታች ያለ ልጅ እንደማይጠየቅ፣ ከ9 እስከ 15 ዓመት ያለው ደግሞ ከአዋቂ እስረኛ ጋር እንደማይቀላቀል ይደነግጋል። በ1934 ዓ.ም. የተከፈተው የአዲስ አበባው የልጆች ጠባይ ማረሚያ ለረጅም ዘመን በአገሪቱ ብቸኛው ነበር። ስለዚህ የጭሮ ወይም የገለምሶ ዳኛ ሕጉ የሚሰጠውን አማራጭ ከፊቱ ዘርግቶ ቢያነብም፣ በተግባር የቀረለት ልጁን ገሥጾ ለወላጅ መመለስ፣ ለሽማግሌዎች አደራ መስጠት ወይም ሕጉ የከለከለውን ማድረግ ነው።

በሌሎች አገሮች

በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣው የወንጀል ሕግ 100,000 የማኅበረሰብ ፖሊሶችን ለማሰማራት ለከተሞች በውድድር የሚሰጥ የፌዴራል ድጎማ ፈጠረ። በተመሳሳይ ዘመን የተስፋፋው፣ ፖሊስ ክፍል ገብቶ ስለ አደንዛዥ ዕፅ የሚያስተምርበት «ዴር» የተባለው ፕሮግራም በተደጋጋሚ ጥናት ውጤቱ እዚህ ግባ የማይባል ሆኖ ተገኝቷል። በብሪታንያ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2019 ለ10 ዓመት 200 ሚሊዮን ፓውንድ የተመደበለት የወጣቶች ፈንድ ተቋቁሞ፣ ከገንዘቡ ጋር የእያንዳንዱ ፕሮጀክት ውጤት እንዲመዘን ግዴታ ተጣለ። የኢትዮጵያ የወረዳ ድጎማ የሚጠይቀው ሪፖርት በአንጻሩ ገንዘቡ በየትኛው የወጪ መደብ እንደወጣ የሚያሳይ ነው።