የአንድ ቀን ፊት

ሰው የገዛ ፊቱን አያየውም፤ የሚያየው ሌላው ሰው ነው። ፊታችን የእኛ ሆኖ ሳለ የሚመዝነውና የሚፈርድበት ጎረቤት፣ ገበያተኛና መንገደኛ ነው። ሰዎች ከጥንት ጀምሮ በዚህ ፊት ላይ ሌላ ፊት ሠርተው መደረባቸው ምናልባት ከዚህ የተነሣ ሳይሆን አይቀርም። ወደዚህ አሳብ ያደረሰኝ ግን መጽሐፍ አይደለም፤ የስምንት ዓመት የልጅ ልጄ ናት።

የምኖረው በእስራኤል አገር ነው። በዚህ አገር አዳር በሚባለው ወር በ14ኛው ቀን፣ በኢየሩሳሌም ደግሞ በ15ኛው፣ በመጽሐፈ አስቴር ፉሪም የተባለው በዓል ይከበራል፤ የአገሩ ሰው ፑሪም ይለዋል። በዚያ ሰሞን መንገዱ በልጆች ይሞላል፤ አንዱ ንጉሥ፣ አንዱ አንበሳ፣ አንዷ ሙሽራ፣ አንዱ ወታደር ይሆናል። ሱቆችም ከፕላስቲክ የተሠራ ጭምብል ይደረድራሉ። በዓሉ አንድ ሳምንት ሲቀረው ልጅቱ መጥታ፣

«አባባ፣ ጭምብል እንሥራ። የሱቁን አልፈልግም» አለችኝ።

«የሱቁ ምን አደረገሽ?»

«የሱቋ አስቴር እኔን አትመስልም።»

ለዚህ መልስ ስላልነበረኝ ፊኛ ልገዛ ወጣሁ።

አንባቢ ሆይ፣ ልጅ ያለህ እንደ ሆነ ይጠቅምሃልና አሠራሩን ልንገርህ። ፊኛውን በልጅቱ ራስ ልክ ነፍተን በጎድጓዳ ሳሕን ላይ አስቀመጥነው። የስንዴ ዱቄት በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጠን፣ በእሳት ላይ እያማሰልን እንደ አጥሚት እስኪወፍር ድረስ አበሰልነው፤ እንዳይሻግት ጥቂት ጨው ጨመርንበት። አሮጌ ጋዜጣ በመቀስ ሳይሆን በእጃችን ቀደድን። በመቀስ የተቆረጠ ወረቀት ጠርዙ እንደ ጠባሳ ይታያል፤ በእጅ የተቀደደው ግን አንዱ በሌላው ውስጥ ገብቶ ይጠፋል። ከዚህ በኋላ ወረቀቱን በዱቄቱ ኮላ እየነከርን በፊኛው ግማሽ ላይ ለጠፍን። አንዱ ድርብ ሳይደርቅ ሌላውን መደረብ አይገባም፤ የቸኰለ ሰው ከላይ የደረቀ፣ ከውስጥ የሻገተ ፊት ያገኛል። እኛ አራት ድርብ ስለ ደረብን ሥራው አራት ቀን ፈጀ። አፍንጫውን ከተጨማደደ ወረቀት ስሠራ አውራ ጣቴ ያለ እኔ ፈቃድ መንገዱን ያውቅ ነበር። እናቴ ሸክላ ሠሪ ነበረች፤ ስለ እርስዋ በኋላ እናገራለሁ።

ወረቀቱ እስኪደርቅ ድረስ ስለዚህ ልማድ ታሪክ ያነበብሁትን አወጣና አወርድ ነበር። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በመጽሐፈ አስቴር ውስጥ ጭምብል የሚባል ነገር የለም። ልብስ ግን ሞልቶበታል። መርዶክዮስ ማቅ ይለብሳል፤ ኋላም የንጉሥ ልብስ ለብሶ በንጉሥ ፈረስ ላይ ይቀመጣል። አስቴርም ሳትጠራ ወደ ንጉሡ ለመግባት ስትቈርጥ ልብሰ መንግሥትዋን ትለብሳለች። የተሸፈነ ፊት ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እርሱም በዕብራይስጡ መጽሐፍ እንደ ተጻፈው፣ በመጨረሻው ግብዣ ላይ ፍርዱ የደረሰበት ሐማ ነው። አስቴር የሸፈነችው ፊትዋን ሳይሆን ወገንዋን ነበር፤ መርዶክዮስ አዝዞአት ስለ ነበረ ከየት እንደ ተወለደች ለማንም አልተናገረችም። በዕብራይስጡ የእግዚአብሔር ስም አንድ ጊዜ እንኳ ስለማይነሣ፣ የአይሁድ ሊቃውንት የአስቴርን ስም መሰወር ከሚለው የዕብራይስጥ ቃል ጋራ አያይዘው አምላክ ፊቱን ሰውሮ የሠራበት መጽሐፍ ነው ይላሉ። ጭምብሉም ለዚህ መታሰቢያ ነው የሚሉ አሉ። ትርጓሜው ያማረ ነው። ነገር ግን ከልማዱ በኋላ የመጣ ይመስለኛል። በጥንት ጊዜ የበዓሉ ሥርዓት መጽሐፉን ማንበብ፣ መጋበዝ፣ ለወዳጅ ምግብ መላክና ለድኻ መስጠት ነበር። ጭምብል የገባው ከብዙ መቶ ዓመት በኋላ በኢጣልያ አገር ነው፤ የገባውም ከጎረቤት መንገድ ነው።

ያ ጎረቤት የቬኒስ ከተማ ካርኒቫል ነው። ከዐቢይ ጾም በፊት ባሉት ሳምንታት የቬኒስ ሰው ሁሉ፣ መኰንኑም አሽከሩም፣ ፊቱን ሸፍኖ ይወጣ ነበር። ነገሩ እጅግ የቈየ ለመሆኑ ምስክሩ በ1268 የወጣው ሕግ ነው፤ ጭምብል የለበሱ ሰዎች በእንቍላል እንዳይጫወቱ ይከለክላል። ሕግ የሚወጣው ጥፋት ሲበዛ ነውና፣ የዚያን ጊዜ የቬኒስ ሴቶች ልብስ ምን ይመስል እንደ ነበረ መገመት አያስቸግርም። በ1436 ጭምብል ሠሪዎች የራሳቸው ደንብ ተጻፈላቸውና ከሠዓሊዎች ማኅበር ጋራ ተቈጠሩ። አሠራራቸውም ይህ ነው፤ መጀመሪያ ፊቱን በጭቃ ይቀርጻሉ፣ በላዩ ጀሶ ያፈስሳሉ፣ ጀሶው ሲደርቅ ጭቃውን አውጥተው ባዶውን ቅርጽ በስብ ይቀባሉ፣ ከዚያም በኮላ የራሰ ወረቀት ከውስጥ በኩል በጣት እየተጫኑ ይደርባሉ። ሲደርቅ ያወጡትና ዓይኑን ይበሱታል፣ ይሞርዱታል፣ ቀለም ይቀቡታል። ጀሶና ኮላ የሚሉት ቃላት ከጣልያኖች ወደ አማርኛችን የገቡ ናቸው። ስለዚህ ከእኛ ዘንድ አንድ ግንበኛና አንድ አናጢ ቢገናኙ የቬኒስን ጭምብል ሠሪ ቋንቋ እኩሌታውን ያውቁታል ማለት ነው።

ከጭምብሎቹ ሁለቱን ልጥቀስ። ባውታ የሚባለው ነጭ ነው፤ ከታች በኩል ወደ ፊት የወጣ ስለ ሆነ የለበሰው ሰው ሳያወልቀው ይበላል፣ ይጠጣል፣ ድምፁም ይለወጣል። ይህን የለበሰ ሰው ወንድም ይሁን ሴት «እመቤት ጭምብል» ተብሎ ሰላምታ ይቀርብለት ነበር እንጂ ስሙ አይጠራም። ሞሬታ የምትባለው ደግሞ የሴቶች ናት፤ ከጥቁር ከፋይ የተሠራች ክብ ስትሆን ማሰሪያ የላትም። ከውስጥዋ ባለች ትንሽ ቍልፍ በጥርስ ተነክሳ ትያዛለች። እንግዲህ ይህችን የለበሰች ሴት ካላወለቀች በቀር መናገር አትችልም።

ይህ ሁሉ ሲሆን አይሁድ እዚያው አጠገብ ነበሩ። በቬኒስ ግዛት ሥር በነበረችው በፓዱዋ ከተማ ይሁዳ ሚንጽ የሚባል ረቢ ነበር፤ ከጀርመን አገር ተሰድዶ የመጣና በ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ የሞተ ሊቅ ነው። ኦሪት ዘዳግም ወንድ የሴትን፣ ሴትም የወንድን ልብስ እንዳይለብሱ ያዛል። በፑሪም ግን ወጣቶች ጭምብል አድርገው ልብስ ይለዋወጡ ስለ ነበረ ነገሩ ለረቢው ቀረበለት። እርሱም የቀደሙት ደጋጎች ልጆቻቸውንና ምራቶቻቸውን እንዲህ ለብሰው እያዩ አልከለከሉም፤ የሚደረገውም ለደስታ ነው እንጂ ለክፋት አይደለም ብሎ ፈቀደ። በ1572 ያረፈው የክራኮው ረቢ ሙሴ ኢሰርለስም የሚቃወሙ መኖራቸውን ሳይደብቅ ልማዱን በሕግ መጽሐፍ ውስጥ ጻፈው። እኔ እነዚህን ሊቃውንት የምወዳቸው ከጎረቤት የተወሰደውን ነገር የእኛ ነበረ ብለው ስላልዋሹ ነው።

ነገር ግን በዚያችው በቬኒስ አንድ የሚያስደንቅ ነገር ነበር። የከተማው ሰው ፊቱን ሸፍኖ በሚጨፍርበት አገር አይሁድ እንዲታወቁ ታዘው ነበር። በመጀመሪያ በልብሳቸው ላይ ቢጫ ምልክት፣ ቀጥሎም ቢጫ ቆብ፣ ኋላም ቀይ ቆብ ያደርጉ ነበር። በ1516 ጌቶ በተባለው ሰፈር ውስጥ እንዲኖሩ ተፈረደባቸው፤ በሩም ማታ ማታ ይዘጋ ነበር። የዘበኞቹን ደመወዝ የሚከፍሉት እነዚያው የተዘጋባቸው ሰዎች ነበሩ። በሩ የተሰበረው የናፖሌዎን ጦር ገብቶ የቬኒስ መንግሥት በወደቀበት በ1797 ነው። ስለዚህ አንድ አይሁዳዊ ወጣት በፑሪም ቀን በጌቶው ውስጥ የወረቀት ፊት ሲያደርግ፣ ዓመቱን ሙሉ የተለጠፈበትን ምልክት ለጥቂት ሰዓት ያስቀመጠ ይመስለኛል።

በእስፓንያና በፖርቱጋል የነገሩ መልክ ተገለበጠ። በዚያ በግድ የተጠመቁ አይሁድ ጭምብላቸውን ማታ አያወልቁም ነበር፤ ልጆቻቸውም ለብሰውት ይወለዱ ነበር። እነዚህ ሰዎች አስቴርን እንደ ቅድስት ያከብሩ ነበር፤ ወገንዋን ሰውራ የኖረች ናትና። ከበዓሉም ይልቅ ጾመ አስቴርን አጥብቀው ያዙ። ምክንያቱን ለማወቅ ብዙ መመራመር አያስፈልግም። ግብዣ ጢስ አለው፣ ሽታ አለው፣ ጎረቤትን ይጠራል፤ ጾም ግን ጢስ የለውም።

ይህን ባነበብሁ ጊዜ መጽሐፉን አጥፌ ዝም ብዬ ተቀመጥሁ። እኔ የተወለድሁት በጎንደር አውራጃ በቤተ እስራኤል መንደር ነው። እኛም ጾመ አስቴርን እናውቅ ነበር፤ የፑሪምን ጭፈራና ጭምብል ግን አናውቅም። ቄሶቻችን የሚያነቡት የግዕዙ መጽሐፍ ከግሪክ የተተረጐመ ስለ ሆነ የእግዚአብሔር ስም በግልጥ አለበት። አምላክ ያልተሰወረበት መጽሐፍ ነበረን፤ የተሰወርነው እኛ ነበርን።

በ1984 የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳለሁ ከወላጆቼ ጋራ በሌሊት እየተጓዝን ሱዳን ገባን። ኡም ራኩባ በሚባለው የስደተኞች ሰፈር አባቴ ከማን ወገን እንደ ሆንን ለማንም እንዳልናገር አስጠነቀቀኝ። መርዶክዮስ ለአስቴር ያላት ይህንኑ ነው። በዚያ መንገድና በዚያ ሰፈር ወደ 4,000 የሚሆን ሰው እንደ ሞተ ይነገራል፤ አባቴ ከእነርሱ አንዱ ነው። የሙሴ ዘመቻ የተባለው የአየር ጕዞ ከኅዳር 1984 ጀምሮ በስውር ሲካሄድ ቈይቶ በጥር 1985 ወሬው ስለ ወጣ ተቋረጠ። እናቴና እኔ ከመቋረጡ በፊት ደረስን።

እናቴ በግንባሯ ላይ የመስቀል ንቅሳት ነበራት። በልጅነትዋ እናትዋ ናት ያስነቀሰቻት፤ ማሰሮዋን ይዛ ገበያ ስትወጣ ቡዳ ብለው እንዳያባርሯት ነው። እንግዲህ ይህ የማይወልቅ ጭምብል ነው። በመንደራችን ጠበቃት፣ በሱዳንም ጠበቃት። እስራኤል በገባን ቀን ግን ሻሽዋን እስከ ቅንድቧ ዝቅ አድርጋ አሰረች፤ እስክትሞትም ድረስ ከፍ አላደረገችውም። ማርች 7 ቀን 1985 የመጀመሪያውን ፑሪም ያየነው በስደተኞች መቀበያ ቤት ነው። ደጋግ ሰዎች ሊያስደስቱን ብለው የጭራቅና የወታደር ጭምብል ያደረጉ ልጆች ይዘው በራችንን አንኳኩ። እናቴ በሩን ከፍታ አየቻቸውና መልሳ ዘጋችው፤ እኔንም ወደ ኋላዋ ሳበችኝ፤ በሁለተኛው እጅዋ ሻሽዋን ይዛ ነበር። ሰዎቹ በውጭ ሲስቁ ይሰማናል። በክፋት አልነበረም፤ ለእኛ ግን ፊት መሸፈን ጨዋታ የሚሆንበት ጊዜ ገና አልደረሰም ነበር።

ይህን ለልጆቼ ተናግሬ አላውቅም። በአራተኛው ቀን ጭምብሉ ደርቆ ፊኛውን በመርፌ ወግተን፣ የዓይኑን ቀዳዳ አውጥተን፣ ነጭ ቀለም ከቀባነው በኋላ ልጅቱ ቡናማና ቢጫ እያቀላቀለች የገዛ እጅዋን ከቀለሙ አጠገብ አድርጋ ትመለከት ጀመር። ቀለሙ ከእጅዋ ጋራ ሲተካከል ቀባችው። ከዚያም የፎቶግራፍ ሣጥኑን አምጥታ ለአፍንጫው ምሳሌ ስትፈልግ፣ እንደ ገባን ለመታወቂያ የተነሣነውን የእናቴን ሥዕል አገኘች። ያን ቀን ፎቶ አንሺው ሻሽዋን እንድታወልቅ አዝዟት ነበር።

«አባባ፣ ግንባሯ ላይ ያለው ምንድን ነው?»

አሳንሼ ልነግራት አስቤ ነበር። ግን አፌን ስከፍት ሁሉንም ነገርኋት፤ ገበያውንም፣ ኡም ራኩባንም፣ ሻሹንም። ልጅቱ እስከ መጨረሻው ሰምታ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች።

«ያማል?»

«ሲነቀስ ያማል፣ የኔ እናት።»

ቀጭኑን ብሩሽ አንሥታ በሰማያዊና በጥቁር በጭምብሉ ግንባር ላይ ትንሿን መስቀል ሣለች። እውነቱን ለመናገር በትምህርት ቤት ምን ይሏታል ብዬ ፈራሁ፤ ልከለክላትም ቃጣኝ። እርስዋ ግን ቀድማኝ ኖሮ የአያትዋን ነጠላ ከሣጥን አውጥታ፣ ጭምብሉን አድርጋ፣ እስከ ቅንድቡ ድረስ ዝቅ አድርጋ ተከናነበች።

«ማንን ሆንሽ ቢሉሽ ምን ትያለሽ?» አልኋት።

«አስቴርን።»

ማታ ስትመለስ ነጠላውን አጥፋ ወደ ቦታው መለሰችው። ጭምብሉን ከመኝታዋ በላይ በምስማር ሰቀለችው፤ እስከ ዛሬ እዚያው ነው፤ ግንባሩም አልተሸፈነም።