ወረራ፦ የሰንጠረዡ ጦርና የዓድዋ ጦር

ፈረንጆቹ ዘንድ ለእኛ ሰው ብትነግሩት የሚስቅባችሁ የትርፍ ጊዜ ሥራ አለ። ጎልማሶችና ጡረተኞች ቁመታቸው 28 ሚሊ ሜትር የሚሆን፣ ከብረት ወይም ከፕላስቲክ የተሠሩ ትንንሽ ወታደሮችን እየገዙ ያጠራቅማሉ። ማታ ማታ በቀጭን ብሩሽ ቀለም ይቀቧቸዋል። የቀበቶው ቀለም ምን ነበር፣ የቆቡስ ብለው መጽሐፍ ያገላብጣሉ። ከዚያ ጠረጴዛ ላይ ኮረብታና ወንዝ ሠርተው ሁለት ሆነው ያዋጓቸዋል። እርምጃው በማስመሪያ ይለካል፣ የተኩሱ ውጤት በዳይስ ይወሰናል።

ነገሩ የልጅ ጨዋታ ብቻ አይደለም። ፎን ራይስቪትስ የተባለ የፕሩሲያ መኮንን እ.ኤ.አ. በ1824 የጦርነት ጨዋታ ደንብ አሳትሞ፣ የፕሩሲያ ጦር መኮንኖቹን ሲያሠለጥንበት ኖሯል። እንግሊዛዊው ደራሲ ኤች ጂ ዌልስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1913 በአሻንጉሊት ወታደር ለሚጫወቱ የደንብ መጽሐፍ አወጣ። የሚገርመው፣ ዌልስ ጨዋታውን አስተምሮ ሲጨርስ እውነተኛው ጦርነት ከዚህ ጋር ሲተያይ ምን ያህል የተምታታና ከንቱ እንደሆነ ይናገራል። በዓመቱ አንደኛው የዓለም ጦርነት ፈነዳ።

እነዚህ ሰዎች ከሚያዋጓቸው ጦርነቶች አንዱ የእኛው ዓድዋ ነው። ኦስፕሬይ የተባለው አሳታሚ እ.ኤ.አ. በ2011 የዓድዋ ዘመቻን ሠራዊቶች ልብስና ትጥቅ በባለቀለም ሥዕል የሚያሳይ መጽሐፍ አውጥቷል። እስቲ እኛም እንደነሱ እናስብ። ጣሊያን ዓድዋ ላይ ያሰለፈው ወደ 17,700 ሰውና 56 መድፍ ነው። የእኛ በተለምዶ ወደ 100,000 ይባላል። አንድ ምስል 100 ሰው ይወክል ብንል ለጣሊያን 177፣ ለእኛ 1,000 ምስል ያስፈልጋል። በቀን አምስት አምስት የሚቀባ ሰው የእኛን ጦር ለመጨረስ 200 ቀን ይፈጅበታል።

ደግሞ የጣሊያኑ ቀላል ነው። የደንብ ልብስ አለው፤ አንዱን የቀባ ሁሉንም ቀባ። አስካሪውም ቢሆን ቀይ ታርቡሽ ያደርጋል፣ ሻለቃው በመቀነቱ ቀለም ይለያል። የእኛው ግን አንዱ ነጭ ኩታ፣ አንዱ ጥለቱ የቀላ ጃኖ፣ አንዱ ለምድ፣ ሌላው የአንበሳ ጎፈር ነው። አንዱ ውጅግራ ይዟል፣ አንዱ ሰናድር፣ ሌላው ጦርና ጋሻ። ከሸዋ፣ ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከትግራይ፣ ከሐረር፣ ከዋግ የመጣ ነው። በጅምላ የሚቀባ ጦር አይደለም። እያንዳንዱን ሰው ማንነቱን ካልጠየቃችሁ ብሩሹን ማንሳት አትችሉም።

እዚህ ላይ ነው እኛ ራሳችን የጠረጴዛ ጦር እንደነበረን ማስታወስ ያለብን። ሰንጠረዥ ማለቴ ነው። ዛሬ ሰንጠረዥ ሲባል ተማሪ የሚያስበው በመስመር የተከፋፈለ ወረቀት ነው። የድሮው ሰንጠረዥ ግን ቀይ ጨርቅ ላይ በጥቁር መስመር የተከፋፈሉ 64 ቤቶች ያሉት የጦር ሜዳ ነው። በየወገኑ ንጉሥ፣ ፈርዝ፣ ሁለት ፊል፣ ሁለት ፈረስ፣ ሁለት ደርና ስምንት መደቅ ይሰለፋሉ። ፈርዙ በሰያፍ አንድ ቤት ብቻ ይሄዳል። ፊሉ ማለት ዝሆኑ ነው፤ በሰያፍ ሁለት ቤት ይዘላል። ዐፄ ልብነ ድንግል ከአንድ የቬኒስ ሰዓሊ ጋር እንደተጫወቱ ተመዝግቧል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት የትግራዩ ራስ ወልደ ሥላሴ ቤት ሲጫወቱት አይቷል። ከጣሊያን ወረራ በኋላ ግን ጨዋታው እየተረሳ ሄደ።

ሰንጠረዥን ከዛሬው ቼዝ የሚለየው ትልቁ ነገር አጀማመሩ ነው። በቼዝ አንዱ ይጫወታል፣ ሌላው ተራውን ይጠብቃል። በሰንጠረዥ መጀመሪያ ላይ ተራ የሚባል የለም! ሁለቱም በአንድ ጊዜ፣ እንደፈለጉ፣ የፈለጉትን ያህል ጦራቸውን ያንቀሳቅሳሉ። የባላጋራን አሰላለፍ እያዩ የራስን ያስተካክላሉ፣ ካልጣመም ይመልሳሉ። ይህ ክፍል ስሙ ወረራ ነው። ወረራው የሚያበቃው አንዱ የሌላውን የመጀመሪያ መደቅ ወይም ሌላ ጦር ሲበላ ነው። ከዚያ በኋላ ተራ በተራ ይሆናል። ጎበዝ ተጫዋች የሚለየው በወረራው ነው። በወረራ የተበለጠ ሰው ከዚያ በኋላ ቢራቀቅም ማገገም ይከብደዋል።

አሁን ዓድዋን በዚህ ዓይን እንየው።

ውጊያው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ከንጋት ጀምሮ በአንድ ቀን አለቀ። ወረራው ግን ወራት ፈጅቷል። የክተት አዋጁ የታወጀው መስከረም ላይ ነው። ጦሩ ወረኢሉ ላይ እንዲሰበሰብ ተደረገ፤ ማለትም እዚሁ ወሎ ውስጥ። ኅዳር 28 አምባላጌ ላይ የማጆር ቶዘሊ ጦር ተሸነፈ። ከዚያ መቀሌ ላይ ምሽጉ ተከበበ። በእቴጌ ጣይቱ ምክር ምንጩ ተይዞ ውሃ የጠማው ጦር ጥር ላይ ምሽጉን ለቀቀ።

የካቲት ላይ ሁለቱ ጦሮች ዓድዋ አካባቢ ተፋጠጡ። ማንም አልነካም። ሁለቱም ስንቅ እያለቀባቸው ነበር። መቶ ሺህ ሰው አንድ ቦታ ተቀምጦ ምን ይበላል? የጣሊያኑ አዛዥ ባራቲየሪም የቀረው ስንቅ የጥቂት ቀን ነው። ሮም ያለው መንግሥት በቴሌግራም ይወቅሰዋል። ጄኔራሎቹን ሰብስቦ ሲጠይቅ እናጥቃ አሉት። ስለዚህ በሌሊት ተንቀሳቀሰ። የአልበርቶኔ ብርጌድ ኪዳነ ምሕረት የሚባለውን ኮረብታ የሚያሳየው ካርታ ስህተት ስለነበረበት ከሌሎቹ ተነጥሎ ወደፊት ርቆ ሄደ። በሰንጠረዥ ቋንቋ፣ ሳይቸኩል መቆየት ያልቻለው ወገን ቀድሞ ነካ።

ምን ለማለት ነው? ዓድዋ የተሸነፈው ወይም የተረታው በዚያች ጠዋት ብቻ አይደለም። መቶ ሺህ ሰውን ከየአገሩ አንቀሳቅሶ፣ አብልቶ፣ አስታርቆ፣ አንድ ሜዳ ላይ እስከዚያች ጠዋት ማቆየት መቻል ነው ድሉ። ይህን ደግሞ ከእኛ ከላስታ ሰዎች በላይ የሚያውቅ መኖር የለበትም። ለምን መሰላችሁ? የዋጉና የላስታው ሰው ዋግሹም ጎበዜ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነግሠው፣ ሐምሌ 1863 ዓ.ም. እዚያው ዓድዋ አጠገብ አሰም ላይ ከደጃዝማች ካሣ ምርጫ፣ ከኋለኛው ዐፄ ዮሐንስ ጋር ገጥመዋል። የተክለ ጊዮርጊስ ጦር ወደ 60,000፣ የካሣ ደግሞ ወደ 12,000 ነበር ይባላል። ካሣ ግን የእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር መቅደላን ጨርሶ ሲመለስ የሰጣቸው 12 መድፍና ከ800 በላይ ጠብመንጃ ነበራቸው። ኪርክሃም የተባለ እንግሊዛዊ ጦራቸውን አሠልጥኖላቸዋል። ብዙ መደቅ ያሰለፈው ንጉሥ ተማረከ። 25 ዓመት ያልሞላው ልዩነት፣ አንድ አካባቢ፣ ሁለት ወረራ።

ጦርነት ጨዋታ ይሆናል ወይ የሚለኝ ይኖራል። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ በተለይ እዚህ። ከ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ላሊበላ ከእጅ ወደ እጅ ስትገላበጥ አይተናል። ጦርነት ምን እንደሆነ ለላስታ እናት የሚነግራት ሰው አያስፈልግም። ከጠረጴዛው ላይ የተነሳ ምስል ለሚቀጥለው ሳምንት ሳጥን ውስጥ ይቀመጣል። የእኛው ሰው አይመለስም። ግን እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ሌላው ጫፍ ነው። ክፍል ውስጥ ዓድዋን ስናስተምር ቀኑን፣ የንጉሡንና የራሶቹን ስም አስጽፈን እናልፋለን። ተማሪው ጦርነት ማለት ፉከራና አንድ ቀን ጀግንነት ይመስለዋል። ከፉከራው በፊት ስንት ወር ስንት ሰው እንደሚራብ፣ ስንት በቅሎ እንደሚያልቅ አይቆጥርም። ባይገርማችሁ ምስል የሚቀባው ፈረንጅ ይቆጥራል።

እሱም ግን የማይቆጥራቸው አሉ። በሶ የፈጨችው፣ ቆሎ የቆላችው፣ ውሃ በገንቦ ተሸክማ ተኩስ ውስጥ የገባችው ሴት። በቅሎ የነዳው ልጅ። ድንኳን የተከለው፣ እንጨት የለቀመው። ያለ እነሱ ወረራ የለም። የእኛ ሰዓሊዎች በሸራ ላይ ዓድዋን ሲሥሉ የወገንን ፊት በሁለት ዓይን፣ የጠላትን በአንድ ዓይን ያሳያሉ። ሁለት ዓይን የሚገባቸው ገና ያልተሣሉ ብዙ ሰዎች አሉ።

ስለዚህ ልመናዬ ይህ ነው። የዋግሹም ጓንጉል ጦር ዓድዋ ላይ ነበር። ጎረቤታችን የጁ የራስ ወሌ ብጡልን ጦር አዝምቷል። ከላስታ፣ ከዋግ፣ ከየጁ የዘመተ ቅድመ አያት ያላችሁ፣ አያቶቻችሁ ሳያልፉ ጠይቋቸው። ስንት ገደለ ብላችሁ አይደለም። ምን ለብሶ ሄደ? ምን ስንቅ ያዘ? ማን አዘጋጀለት? በየት በኩል ወረደ? ማን አብሮት ሄዶ ሳይመለስ ቀረ? በቤታችሁ የሰንጠረዥ ጨርቅ ወይም ከቀንድ የተሠራ መደቅ ካለም ፎቶ አንስታችሁ አስቀምጡት። የሰማችሁትን እዚህ ጻፉልኝ፣ ለተማሪዎቼ አነብላቸዋለሁ።