የብራና ኅዳግና የቤት ገማች

ደብረ ታቦር ላይ አንድ የጭቃ ቤት ለመለካት ግማሽ ቀን ይበዛበታል። ገማቹ መሐንዲስ ሜትሩን ይዞ ይመጣል፤ ርዝመትና ወርዱን፣ መሠረቱን፣ የግድግዳውን ዓይነት፣ የቆርቆሮውን ይዞታ ይመዘግባል፤ በካሬ ሜትር ዋጋ ያባዛል፤ ለእርጅናው ይቀንሳል፤ አበቃ። ግምቱ ግን ወር አልፎትም ላያልቅ ይችላል። የሚያዘገየው ሜትሩ አይደለም። ካርታው ገና በሟቹ አባት ስም ነው፤ በኋላ የተቀጠለው ክፍል ፕላኑ ላይ የለም፤ የጎረቤት አጥር ገባ ብሏል፤ የግብር ደረሰኙ የት እንደ ገባ አይታወቅም። ባለቤቱ «የማን እንደሆነ አገር ያውቀዋል» ይላል። እውነቱን ነው፤ አገር ያውቀዋል። የማያውቀው መዝገቡ ነው።

አገር በሚያውቀውና መዝገብ በሚያውቀው መካከል ያለው ይህ ክፍተት ከጥንት የነበረ ይመስለናል። እኔ ግን እንዲያ አይመስለኝም። በ18ኛውና በ19ኛው ምዕት ዓመት ጎንደር ውስጥ ርስት ሲሸጥ ውሉ የሚጻፈው በቤተ ክርስቲያን መጽሐፍ ላይ ነበር። ከመጽሐፉ ባዶ የቀረ ቅጠል ወይም ኅዳግ ይፈለግና ሻጩ፣ ገዥው፣ የተከፈለው ወርቅ በወቄት፣ ወይም ጨው በአሞሌ፣ ከዚያም የዳኞቹና የእማኞቹ ስም ይሰፍርበታል። የታሪክ ተመራማሪው ዶናልድ ክረሚ እነዚህን ጽሑፎች ለብዙ ዓመታት መርምሯቸዋል። ከሻጮቹና ከገዥዎቹ መካከል ሴቶች ጥቂት እንዳልነበሩም ያሳየን እሱ ነው።

የዘመናችን ገማች የሚመኘው ሁሉ በዚያች ጠባብ ኅዳግ ላይ አለለት፤ ባለመብቱ፣ ዋጋው፣ ሽያጩን ያዩ ሰዎች። በአካባቢው ምን በስንት እንደ ተሸጠ የሚነግረው ሌላ ምን ይፈልጋል? ብራናውም በማንም እጅ የሚገኝ ተራ ወረቀት አልነበረም፤ በካህናቱ ጥበቃ ሥር የነበረ፣ ሊፍቀው የሚነሣም እግዚአብሔርን መፍራት የነበረበት ነበር።

ታዲያ እነዚያ መጻሕፍት የት ገቡ? እዚህ ላይ ታሪኩ ወደ ደብረ ታቦር ይዞረናል። የየጁው ራስ ጉግሣ የቆረቆሯት ይህች ከተማ በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን የመንግሥት መቀመጫ ነበረች፤ ሴባስቶፖል የተባለው መድፍም የተሠራው አጠገቧ ባለችው ጋፋት ነው። በ1859 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ጎንደርን አስዘርፈው አቃጠሉ፤ ከአብያተ ክርስቲያናቱ የተለቀሙት መጻሕፍትም ከእሳቸው ጋር ተጓዙ። በ1860 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ደግሞ ደብረ ታቦርን ራሷን አቃጥለው መድፋቸውን እያስጎተቱ ወደ መቅደላ አመሩ። በዚያው ዓመት ሚያዝያ መቅደላ ሲወድቅ ብዙዎቹን ብራናዎች የእንግሊዝ ጦር ወሰዳቸው። የጎንደር ርስት ሻጭና ገዥ ስም ዛሬ የሚነበበው ለንደን፣ በብሪቲሽ ላይብረሪ ነው። ከተማ ሲቃጠል ጣሪያው ብቻ አይደለም የሚነደው ማለቴ ነው፤ የማን እንደነበረ የሚናገረውም አብሮ ይሄዳል።

ከዚያ በኋላ የመጣው መዝገብ ሁሉ ጀምሮ የመተው ጠባይ አለበት። በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ማይንቀሳቀስ ንብረት መዝገብ አንድ ሙሉ ክፍል ሰጥቷል፤ ቤቱ፣ ባለቤቱ፣ ዕዳው ሁሉ በየገጹ የሚገባበት ጥሩ ሥርዓት ነበር። መጨረሻው ላይ ግን ያው ሕግ ይህ ክፍል በነጋሪት ጋዜጣ ትእዛዝ እስኪወጣ ድረስ ሥራ ላይ አይውልም አለ። ትእዛዙ ሲጠበቅ ዘውዱ ወደቀ፤ ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። ያኔ ቤት የሚመዘነው በኪራዩ ሆነ፤ ከተወረሱት ቤቶች ወር ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆነው ወደ ቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆነው ወደ ኪራይ ቤቶች አስተዳደር ሄደ። 100 ብር የዕጣ መለያ መስመር ነበረች። የከተማ ይዞታን በሕጋዊ ካዳስተር ለመመዝገብ አዋጅ ቁጥር 818 የወጣው በ2006 ዓ.ም. ነው። ከፍትሐ ብሔር ሕጉ ጀምሮ ሲቆጠር 54 ዓመት መሆኑ ነው!

«ፈጥኖ ይገመትልኝ» ማለት ቀላል ነው። ነገሩ ግን የዋዛ አይደለም። በ1990 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 97 ባንኮች ዕዳው ሳይከፈል ሲቀር መያዣውን ፍርድ ቤት ሳይሄዱ ራሳቸው በሐራጅ እንዲሸጡ ሥልጣን ሰጥቷቸዋል። የኋላውን ክፍል ሳያይ የሄደ ገማች ያሳነሰው ቁጥር ክፉ ቀን ሲመጣ ቤተሰቡን ሜዳ ላይ ሊያስቀር ይችላል። ስለዚህ ፍጥነቱ ከልኬታው ላይ ሳይሆን ከወረቀቱ ላይ መገኘት አለበት።

አክስቴ ይህን ማንም ሳያስተምራት ታውቀው ነበር። ቤቷን ለብድር ስታስገምት ገማቹን ከመጥራቷ በፊት የወራሽነት ማስረጃውን አስጨረሰች፣ ካርታውን በስሟ አዞረች፣ የተቀጠለችውን ማድ ቤት ፕላኑ ላይ አስገባች። የዓመታት የግብር ደረሰኝ ያስቀመጠችው በዳዊቷ ቅጠሎች መካከል ነበር፤ ጉዳዩን ስነግራት ስለ ጎንደር ብራናዎች ሰምታ አታውቅም። ገማቹ የሚገባበትን ክፍል ሁሉ ከፍታ፣ የሁለቱን ወገን ጎረቤት ድንበሩ ላይ አቁማ ጠበቀችው። ጠዋት መጥቶ ከቀትር በፊት ጨረሰ። ግምቱም በዚያው ሳምንት ወጣ።

ከከተማ ወጣ ሲባል መንገዱ ሌላ ነው። በአማራ ክልል ገጠር የመሬት ይዞታ ሲመዘገብ የተመረጡ ገበሬዎች ከጎረቤቶች ጋር ድንበር ላይ ቆመው መስክረዋል፤ ደብተሩም የባልንም የሚስትንም ስም ይዟል። ይህ ከጎንደሩ የእማኝ ሥርዓት ብዙም አይርቅም። ነገር ግን ደብተሩ መሬቱን እንጂ ቤቱን አይገልጽም። በጉማራ ወንዝ አጠገብ፣ ሰው ለፍል ውሃው በሚወርድባት በወንዛዬ አንድ ገበሬ በራሱ ባሕር ዛፍ የሠራውን ቆርቆሮ ቤት ላስገምት ቢል፣ መቼ እንደ ሠራው፣ ስንት እንዳወጣበት የሚነግሩለት አብረውት ያቆሙት ጎረቤቶቹ ናቸው፤ እነሱ የሚሉትን የሚጽፍበት ኅዳግ ግን እስካሁን የለውም።